ጥፋቱ ከበጎቹ ሳይሆን ከእጥበቱ ነው

ጥያቄ፦ «የምኖረው መንዝ ነው። ባለቤቴ የበግ ፀጉር ትፈትላለች፣ እኔ ምንጣፍ እሠራለሁ። አሁን አሁን የበጎቻችን ፀጉር ተበላሸ። ነጩ ክር ቀለም በደንብ አይዝም፣ የያዘውም ሲታጠብ ይለቃል። ክሩም ይኮማተራል። ለበጎቹ የሚሰጥ መድኃኒት ወይም መኖ ካለ ቢነግሩኝ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለመድኃኒት ብለው ገንዘብዎን አያውጡ። በጎቹ ይታከካሉ ወይም ፀጉራቸው ይረግፋል አላሉኝም። በረሃብ ወይም በበሽታ የተጎዳ በግ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ሲጎትቱት ይበጠሳል። ስለ መበጠስም አላነሱም። ያሉኝ ቀለም አይዝም፣ ይለቃል፣ ይኮማተራል ነው። ሦስቱ አብረው ሲመጡ መጀመሪያ የምጠረጥረው እጥበቱን ነው።

የበግ ፀጉር ቅባት አለው። የመንዝ በግ ቅባቱ ከአንዳንድ የፈረንጅ ዝርያዎች ቢያንስም ቀለም ለመከልከል ይበቃል። ቅባቱ ሳይለቅ ከተነከረ ቀለሙ ላይ ላዩን ይቀመጥና በመጀመሪያው እጥበት ይወርዳል። ቤትዎ ሆነው ይፈትሹት። ካልተነከረው ክር ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ያሳርፉ። ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ቅባቱ ሳይኖር አይቀርም። ወዲያው ከሰረገ ንጹሕ ነው።

መኮማተሩን በተመለከተ፣ በየቤቱ የማየውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፀጉሩን እንደ ጋቢ በፈላ ውሃ፣ በአመድ ወይም በኦሞ ያሹታል። ጋቢ ጥጥ ስለሆነ ይችለዋል። የበግ ፀጉር ግን ልክ እንደ ራሳችን ፀጉር ነው። አመዱና ኦሞው ያደርቁታል፣ በሙቅ ውሃ ማሸቱ ደግሞ እርስ በርሱ ያቆላልፈዋል። አንዴ ከተቆላለፈ አይፈታም። እባካችሁ ይሄን ነገር ተዉት።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ፀጉሩን ሳይባዘትና ሳይፈተል በፊት ይጠቡት። ማታ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ አቧራውና ላቡ እዚያው ይቀራል። ጠዋት ያንን ውሃ ይድፉ። ለግማሽ ኪሎ ፀጉር አንድ ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን ውሃ ያሙቁ። ሙቀቱ እጅዎን ለአፍታ ብቻ የሚያስቀምጡበት ይሁን። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ጨምረው ፀጉሩን ቀስ ብለው ጫን ጫን እያደረጉ ያስጥሙት። ከዚያ አይንኩት። አያሹት፣ አይጠምዝዙት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ያውጡት፤ ከቀዘቀዘ ቅባቱ ተመልሶ ይይዘዋል። በአዲስ ሙቅ ውሃና በግማሹ ሳሙና አንዴ ይድገሙት። ሲያለቀልቁትም ውሃው ያንኑ ያህል የሞቀ ይሁን። ከሙቅ አውጥቶ ድንገት ቀዝቃዛ ውስጥ መክተትም ሊያኮማትረው ይችላል። ጨምቀው ጥላ ላይ ያስጡት።

አስቀድሞ የተፈተለ ክር ካለ በቱባ አድርገው አራት ቦታ በክር ይሰሩትና እንደዚሁ ይጠቡት። እስሩ ላላ ይበል። ከጠበቀ ቀለሙ እዚያ ስለማይደርስ ነጭ ቀለበት ይቀራል።

ሲነክሩ ከቀለሙ ጋር አንድ ብርጭቆ አቸቶ ይጨምሩ፤ ለግማሽ ኪሎ ይበቃል። አቸቶ ከሌለ የሎሚ ጭማቂም ይሆናል። የበግ ፀጉር ቀለሙን አጥብቆ የሚይዘው በኮምጣጣ ውሃ ነው። የረጠበውን ክር ለብ ባለው ቀለም ውስጥ ከተው እሳቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። እንፋሎት ይውጣ እንጂ አይንተክተክ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ እዚያው ድስት ውስጥ ይቀዝቅዝ። ድስቱ ምግብ የማይሠራበት ይሁን።

ጥቁሩንና ቡናማውን ፀጉር ግን ለምን ይነክሩታል? የመንዝ በግ ከተፈጥሮው የሰጠዎት ቀለም ነው፣ አይለቅም። ነጩን ብቻ ነክረው ከእሱ ጋር ቢያዋህዱት የቀለሙም የማገዶውም ወጪ ይቀንስልዎታል።

የተኮማተረው ክር አይመለስም፤ ለምንጣፉ ጠርዝ ይጠቀሙበት። ቀለሙ የሚለቀውን ምንጣፍ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡት። አዲሱን ፀጉር ደግሞ በአንድ እፍኝ ይሞክሩት። ንጹሕ ሆኖ፣ በአቸቶ ተነክሮም ከለቀቀ ቀለሙ ለጥጥ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ያኔ የቀለሙን ማሸጊያ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።