መጋጠሚያውን በምን እንሸፍነው ለምትሉ ወጣቶች

አንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ «በአርማታ ግድግዳ ላይ የሚታየውን የሙሌት መጋጠሚያ በምን እንሸፍነው?» ብላ ብትጠይቀኝ የቆየ ቁጭቴ ተቀሰቀሰ። እኛ አስተማሪዎች የአሜሪካዊውን አርክቴክት የሉዊ ካህንን ሕንፃዎች በፎቶግራፍ እያሳየን፣ ብርሃኑን አድንቀን እናልፋለን። ግድግዳው በቀን ስንት ሜትር እየተሞላ እንደቆመ አንናገርም። መልሱ ያለው ግን እዚያው ላይ ነው።

ዳካ የሚገኘውን የባንግላዴሽ ፓርላማ ተመልከቱ። ካህን በ1974 እ.ኤ.አ. ሲሞት ገና አላለቀም፤ የተጠናቀቀው በ1982 ነው። መወጣጫው ቀርከሃ ነበር፣ አርማታውንም ሠራተኞች በቅርጫት በጭንቅላታቸው ተሸክመው ያወጡት ነበር። እንዲህ እየተሠራ በአንድ ቀን የሚሞላው 5 ጫማ፣ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። የነገው ሙሌት በደረቀው ላይ ሲያርፍ ቀለሙ ይለያል፣ ጠርዙ ይሻክራል። ካህን ልስን አላዘዘም። በየ5 ጫማው 6 ኢንች ስፋት ያለው የነጭ እምነበረድ መስመር አስገባበት። የቀን ሥራው ልክ የሕንፃው ጌጥ ሆነ። ሩቅ ቆሞ የሚያይ ሰውም መስመሮቹን ቆጥሮ የግድግዳውን ከፍታ ይገምታል።

ካሊፎርኒያ ባለው የሶልክ የምርምር ተቋም ደግሞ የፎርምወርኩን፣ ማለትም አርማታው የሚሞላበትን የኮምፔልሳቶ ቅርጽ፣ ጠርዝ አስላጨው። የሲሚንቶው ውሃ በክፍተቱ ወጥቶ ቀጥ ያለ ጉብታ ሠራ። ከደረቀ በኋላ መሞረድም፣ መድፈንም፣ ቀለም መቀባትም ከለከለ። ምንም አልደፈነም ማለቴ ግን አይደለም፤ ፎርምወርኩን ያሰሩት ብረቶች የተዉትን ቀዳዳ በእርሳስ ደፍኖታል። ቀዳዳዎቹ ግን በረድፍ፣ በእኩል ርቀት ተስለው የተቀመጡ ናቸው።

ስለዚህ የፊት ለፊት ስዕላችሁ ላይ መስኮት ከመሳላችሁ በፊት የየቀኑን የሙሌት ከፍታ አስምሩ። የመስኮቱ ታችኛው ጠርዝ ከመስመሩ ጋር ይግጠም፤ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመስኮት ማዕዘን ነውና። ከቀጣዩ ሙሌት በፊት የደረቀውን ፊት በሽቦ ብሩሽ ፋቁት፣ ጠጠሩ ይታይ፣ አርጥቡት፤ ውሃ ግን አይቋጥር። የፎርምወርኩ መጋጠሚያ ካፈሰሰ ሲሚንቶው ይወጣና ጠጠሩ ብቻ ይቀራል፤ ያንን ምንም እምነበረድ አያድነውም።

ካህን ጡብን «ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ስለመጠየቁ ሁላችሁም ስለምታውቁ እዘለዋለሁ። የዛሬ ልጆች ይህን አባባል በቃላችሁ ትይዛላችሁ፤ የኮምፒውተር ምስላችሁም የእኛ ትውልድ ካሰበው በላይ ያምራል። በዚያ ምስል ላይ ግን ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ የፈሰሰ ይመስላል፣ አንድም መጋጠሚያ የለውም።

ካህንም ቢሆን ተሳስቷል። ፊላዴልፊያ፣ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ባለው የሪቻርድስ ላቦራቶሪ ፀሐዩ በመስታወቱ ሲገባ ተመራማሪዎቹ ወረቀትና ፎይል ለጠፉበት። እርሱ እዚያው ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ፣ ሕንፃው ደጃፉ ላይ ነበር። ከዚህ ተምሮ ሶልክን ሲነድፍ የቱቦና የአየር መስመሮቹን ሰው ቆሞ የሚሄድበት የራሳቸውን ወለል ሰጣቸው፣ የተመራማሪዎቹንም የጥናት ክፍሎች ከላቦራቶሪው ለይቶ ወደ ባሕሩ አዞራቸው።