ታሪክ ስላላቸው የተኩስ ጌሞች ጥያቄና መልስ

የተኩስ ጌም ስጫወት ከግራፊክሱም ከመሣሪያውም በፊት የማየው ታሪኩ በምን መንገድ እንደሚደርሰኝ ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙ ጥያቄ ስለመጣልኝ የምችለውን ልመልስ። ስፖይለር አለ፣ ማለትም የጌሞቹን ታሪክ አስቀድሜ እገልጣለሁ፤ ያልጨረሳችሁት ጌም ስሙ ሲነሣ ዝለሉት።

ጥያቄ፦ ታሪክ ካማረኝ ፊልም አያለሁ። ተኩስ ውስጥ ታሪክ ምን ይሠራል?

ታሪኩ እንደ ፊልም ከመጣ እውነትህን ነው። አሥር ደቂቃ ተኩሰህ፣ ከዚያ ኮንትሮለሩን አስቀምጠህ ሰዎች ሲያወሩ የምታይ ከሆነ ጌሙና ታሪኩ አልተገናኙም። ግን እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ሃፍ ላይፍ 2 አስታውስ። ገና ከባቡር እንደወረድክ ጭምብል ያጠለቀ ጠባቂ መንገድ ይዘጋብሃል። ባዶ ጣሳ በዱላው መሬት ላይ ይጥልና አንሥተህ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ክተት ይልሃል። ብትከት ስቆብህ ያሳልፍሃል። ጣሳውን እሱ ላይ ብትወረውረው በዱላ ያሳድድሃል። ከተማዋ በምን ዓይነት አገዛዝ ሥር እንዳለች በዚህች ቅጽበት ገባህ፣ በዚያው ዕቃ ማንሣትና መወርወርም ተማርክ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳህም። እኔ የምፈልገው ይሄን ነው፦ ታሪኩ በእጄ በኩል እንዲመጣ።

ጥያቄ፦ ስፔክ ኦፕስ ዘ ላይን ላይ የነጭ ፎስፈረሱ ቦታ አናደደኝ። ምርጫ ሳይሰጡኝ ለምን ይወቅሱኛል?

ንዴትህ ይገባኛል። ለማያውቁት፣ ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሲሆን በአሸዋ በተዋጠችው ዱባይ የሚካሄድ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ከላይ በተነሣ ምስል ነጭ ነጥቦችን እያየህ ነጭ ፎስፈረስ የሚባለውን የሚያቃጥል መሣሪያ ትተኩሳለህ፣ የምትጫወተው ገጸ ባሕርይ የካፒቴን ዎከር ፊት ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፣ ከዚያ ጭሱ ውስጥ ገብተህ ስትሄድ ካቃጠልካቸው መካከል ሲቪሎች እንደነበሩ ታያለህ። ያለዚያ ማለፍ አይቻልም። ትዕይንቱ ከባድ ነው፣ አልረሳሁትም። ግን «አንተ ነህ ያደረግከው» ሲለኝ በሩን የዘጋው ራሱ ጌሙ ስለሆነ ወቀሳው ልቤ አይገባም።

በዚያው ጌም ውስጥ በጣም የተሻለ ቦታ አለ። መጨረሻው አካባቢ የዎከርን ጓደኛ የገደለ ሕዝብ ይከብብሃል። ምን ማድረግ እንዳለብህ ምንም ጽሑፍ አይወጣም። ሕዝቡ ላይ መተኮስ ትችላለህ፣ ወደ ሰማይ ተኩሰህ መበተንም ትችላለህ። መጀመሪያ ስጫወተው ሁለተኛው አማራጭ ጭራሽ አልታየኝም ነበር፤ ሕዝቡ ላይ ተኮስኩ። ያ ጥፋት የእኔ ነው፣ እስከ ዛሬም ይከነክነኛል።

ጥያቄ፦ ባዮሾክ ላይ ልጆቹን ማዳን ከባድ ምርጫ ነው ይባላል። ትስማማለህ?

ሐሳቡ ከባድ ነው፣ ሒሳቡ ግን አይደለም። ሊትል ሲስተር የምትባለው ልጅ አዳም የሚባል የኃይል መግዣ በሰውነቷ ተሸክማለች፤ ገድለህ ብትመጥጣት 160 አዳም ታገኛለህ፣ ብታድናት 80። እስከዚህ ድረስ ምርጫ ነው። ነገር ግን ባዳንካቸው በየሦስት ልጅ 200 አዳም ያለበት ስጦታ ይመጣልሃል። ሦስት ብትመጥጥ 480፣ ሦስት ብታድን 440። ለ40 አዳም ማን ጨካኝ ይሆናል? ስጦታው ባይኖር ኖሮ ደግ መሆን ዋጋ ያስከፍል ነበር፣ ያኔ ምርጫው ያመን ነበር።

ጥያቄ፦ ዋናው ሰውዬ ዝም ቢል ይሻላል ወይስ ቢያወራ?

እንደ ጌሙ ነው። የሃፍ ላይፉ ጎርደን ፍሪማን ዝም ማለቱ ያምርበታል። የሜትሮው አርቲዮም ግን ጌሙ ሎድ ሲያደርግ እየተረከ፣ ጨዋታው ውስጥ ሰው ሲያናግረው አፉን አይከፍትም። ይሄ ሜትሮ ኤክሶደስ ላይ ይብስብኛል፤ ሚስቱ አጠገቡ ሆና ስታዋራው እንኳን ዝም።

ጥያቄ፦ ተደብቀህ ስትቆይ ጤናህ ራሱ የሚመለስበትን ነገር ትወደዋለህ?

ብዙም አልወደውም። ሁሉም ከግንብ ጀርባ ተቀምጦ መጠበቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዱም ይሄን ገለበጠው፦ ውጊያ መሃል ጤና በብዛት የምታገኘው የተዳከመውን ጭራቅ ተጠግተህ በእጅህ ስትጨርሰው ነው። ስትጎዳ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ትሮጣለህ። የሰውዬውን ባሕርይ ከየትኛውም ንግግር በላይ ያሳየኝ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ታይታንፎል 2 ታሪኩ አጭር ነው፣ ገንዘቤን አይበላብኝም?

አይበላብህም። አጭር የሆነው ሐሳብ ስለማይደግም ነው። አንድ ሚሽን ላይ እጅህ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ይሰጥሃል፤ አንድ ቁልፍ ስትጫን ከፈራረሰው ሕንጻ ወደ ድሮው፣ ሰው ወደሞላበት ጊዜ ትሻገራለህ። አየር ላይ ዘለህ ዘመን ቀይረህ ሌላ ግድግዳ ላይ ታርፋለህ። ሚሽኑ ሲያልቅ መሣሪያውን ዳግም አታገኘውም። ሌላ ስቱዲዮ ቢሆን ይህቺን ሐሳብ ብቻ ይዞ ሙሉ ጌም ይሠራ ነበር።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ከየትኛው ልጀምር?

ሜትሮ 2033። እዚያ ምርጡ ጥይት ገንዘብም ነው፤ በተኮስክ ቁጥር ከኪስህ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ሰው የሚኖርባቸው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ላይ ስትደርስ አትሩጥ። ሰዎቹ ሲያወሩ ቆመህ ስማቸው፣ ለሚለምንህም ጥይት ስጥ። ጌሙ ሳይነግርህ ነጥብ ይይዝልሃል፣ የመጨረሻው ምርጫ የሚከፈትልህም በዚያ ነው።