የውሃ ጥራት ቡድን ስለመምራት ጠይቁኝ

በመንግሥት የውሃ ጥራት ክትትል ኬሚስቶችንና ኢንጂነሮችን አብሬ ስመራ ኖሬያለሁ፣ የበለጠ የማውቀው አቃቂንና አዋሽን ነው። ስለ ሥራው ጠይቁ፣ ስለ ደሞዝና እርከን ግን የሰው ሀብትን ጠይቁ።

ሄለን፦ ጋሼ፣ አዲስ ቡድን መሪ ሆኛለሁ፣ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከፊልድ ደብተሩ። ካለፈው ሪፖርት አንድ ቁጥር ምረጪና ወደኋላ ተከተይው፣ ማን ቀዳው፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በበረዶ ቀዝቅዞ መጣ ወይ፣ ላብ መቼ ገባ። ፒኤች (የውሃው አሲድነት) እዛው ወንዙ ዳር ነው የሚለካው፣ ቢኦዲ (ቆሻሻው ሲበሰብስ ከውሃው የሚበላው ኦክስጅን ልክ) ምርመራው ከተቀዳ በ48 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሰዓት ያልተጻፈበት ናሙና ናሙና አይደለም።

ቢኒ፦ ጥሩ አለቃ ለመሆን ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ምን ገጠመህ? እሱን ጻፍ።

ሲቪሉ፦ ኬሚስቶቹ የቆዳ ፋብሪካው የሚለቀው ክሮም (ቆዳ የሚለፋበት ኬሚካል) ከልክ በላይ ነው ይላሉ፣ የኔ ኢንጂነሮች ደሞ ማጣሪያው ይሠራል ይላሉ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! አብረው ሄደዋል ወይ? ቆዳ ፋብሪካ ክሮሙን የሚለቀው በየዙሩ ስለሆነ ጠዋት አንድ ጠርሙስ ቀድተህ ብትመጣ ምንም ላይነግርህ ይችላል፣ 24 ሰዓት በየተወሰነ ሰዓት እየተቀዳ ይደባለቅ፣ ኢንጂነሩም በዛው ሰዓት ፍሰቱን ይለካ። በሊትር 2 ሚሊግራም ሲባል ትንሽ ይመስላል፣ በቀን 500 ሜትር ኩብ ከወጣ ግን በየቀኑ 1 ኪሎ ክሮም ወንዝ ገባ ማለት ነው፣ ታች ደሞ ገበሬው ጎመን ያጠጣበታል። ኬሚስቱ ብቻውን ይሄን አይነግርህም፣ ኢንጂነሩም ብቻውን። ሁለቱን በአንድ መኪና ላክ፣ ሪፖርቱን ሁለቱም ይፈርሙበት።

ኬሚስቷ፦ ታዲያ አለቃ የሚሆነው ሁሌ ኢንጂነር የሆነው ለምንድነው? ቢኦዲ 5 ቀን እንደሚፈጅ ሳያውቅ በ3ኛው ቀን ውጤት አምጪ የሚል አለ እኮ።

ሲቪሉ፦ በጀትና ኮንትራት ማን ያስተዳድር ታዲያ?

ኬሚስቷ፦ እኛ በጀት አንችልም ያለህ ማነው?

መልስ፦ ይበቃል፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። የሚጠይቀኝ ኬሚስትም ኢንጂነርም መርቶኛል፣ ሳይጠይቅ የሚፈርመው ነው ያስቸገረኝ።

ዳኒ፦ አዲስ መሪ ከምን ይጀምር?

መልስ፦ ለሄለን የመለስኩትን አንብብ።

ሰላም፦ ጋሼ፣ ከበላይ ተደውሎ ውጤቱ ይስተካከል ቢባልስ?

መልስ፦ ውጤት አይስተካከልም። ካላመኑ ድጋሚ ይቀዳ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ተቆጣጣሪው ሳያስታውቅ ገብቶ ናሙና እንዲወስድ ፈቅዷል። ናሙናውን ለሁለት ክፈሉት፣ ግማሹን ፋብሪካው ፈርሞ ይውሰድና ሌላ ላብ ያስመርምር። ስልኩን አንቺ ነሽ የምታነሺው፣ ለላብ ልጆች እንዳታስተላልፊ። ሰዓቱንም ጻፉበት።