«ትልቁን ግዛ» ያለህ ጓደኛህ ገመዱን አይዝልህም

በዚህ ወር ስለ ካይት ሦስት ጥያቄ ደርሶናል። ልጆች በአንድ ክር ስለሚያበሯት ስለዛችኛዋ አይደለም፤ ፓወር ካይት ስለምትባለው፣ ሰው ስለምትጎትተው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንላቸዋለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔ ካይት ይዤ አላውቅም፣ ቪዲዮ ሳይ ግን ልቤ ሄደ። ክብደቴ 78 ኪሎ ነው፣ ስፖርትም እሠራለሁ። አንድ ሰው 5 ካሬ ሜትር የሆነች ካይት ሊሸጥልኝ ነው፣ ባር (በሁለት እጅ የሚያዝ ዘንግ) እና ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ አላት። ጓደኛዬ «ትንሽ ከገዛህ በወሩ ይሰለችሃል፣ ትልቁን ግዛና ቀስ እያልክ ልመደው» ይለኛል። ወደፊት ካይትሰርፊንግ፣ ማለትም በካይት እየተጎተቱ ውሃ ላይ መንሸራተት፣ መሞከር እፈልጋለሁ። ምን ልግዛ? (ጀማሪው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሷን ካይት ተዋት። ጓደኛህ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ግን ያሰበው እንደ ልጅ ጫማ ነው፤ እግሩ ስለሚያድግ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ መግዛት። ካይትን «ቀስ እያሉ መልመድ» የሚባል ነገር ደግሞ የለም፣ ምክንያቱም ፍጥነቱን የሚወስነው ንፋሱ እንጂ አንተ አይደለህም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካይቷ ስፋት እጥፍ ሲሆን ጉልበቷም በግምት እጥፍ ይሆናል። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግን ጉልበቷ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ የቆየ ንፋስ ድንገት 20 ቢገባ ፊትህ ላይ ልዩነቱን ልብ ላትለው ትችላለህ፣ እጅህ ላይ ግን ጉተታው ወደ 1.8 እጥፍ ይደርሳል። ማለትም 3 ካሬ ካይት ይዘህ ቆመህ ሳለ አንድ ሰው ሳያስጠነቅቅህ ቀይሮ ከ5 ካሬ በላይ ያስያዘህ ያህል ነው። አሁን ሒሳቡን ከ5 ካሬ ጀምረህ አስላው።

በዚያ ላይ ካይቷ አንድ ቦታ ዝም ብላ አትቆምም። ሰማዩን አቋርጣ ስትወረወር የራሷ ፍጥነት በንፋሱ ላይ ይጨመራል፣ ጉተታውም አብሮ ያድጋል። ጀርባህን ለንፋሱ ሰጥተህ ስትቆም ከፊትህ ያለውን ሰማይ ለሁለት እንደተከፈለ ጉልላት አስበው። ዳር ዳሩ ላይ፣ በቀኝና በግራህ እንዲሁም ልክ ከአናትህ በላይ፣ ካይቷ ልዝብ ናት። ፊት ለፊትህ መሃሉ ላይ ዝቅ ስትል ግን ያላትን ሁሉ ታወጣለች። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ካይቷን አናትህ ላይ ማቆም ከቻልክ ይበቃሃል፤ መሃሉን በደንብ ሳታውቃት አትንካው።

ያቺ ባርና ቀበቶ ያላት ካይት ሌላም ጣጣ አለባት። ዲፓወር የሚሏት ዓይነት ሳትሆን አትቀርም፤ ባሩን ወደ ደረትህ ስትስበው ጉልበት ትጨምራለች፣ ወደ ፊት ስትለቀው ትቀንሳለች። ለሚያውቅ ሰው ድንቅ ነገር ነው። ጀማሪ ሲደነግጥ ግን ምን ያደርጋል? ይስባል! የሰው ልጅ ሲፈራ የያዘውን ነገር ወደ ራሱ ነው የሚያስጠጋው። የተሳሳተውን ነገር፣ በተሳሳተው ሰዓት፣ በሙሉ ኃይሉ፣ ያውም ወገቡ ላይ ታስሮ።

እኔም ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። የሰው ካይት ተውሼ፣ «ምን ሊመጣ ነው» ብዬ፣ ሜዳ መሃል ቆሜ ወደ ላይ አስነሳኋት። በሆዴ ሳሩን እየጠረግሁ ስሄድ አንድ ጫማዬ ከኋላ ቀረ። እጀታውን መልቀቅ እንዳለብኝ ጠንቅቄ አውቅ ነበር፤ እጄ ግን አልሰማኝም። ካይቷም ያን ያህል ትልቅ አልነበረችም።

ጉልበቷ ጨዋታ አለመሆኑን ሰው ካወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1826 ጆርጅ ፖኮክ የሚባል የብሪስቶል ከተማ መምህር ያለ ፈረስ በካይት የሚጎተት ሰረገላ ሠርቶ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ሰው የጫነ ሰረገላ ነው የምልህ። አንተ ደግሞ ጎማ እንኳን የለህም።

እና ምን ትግዛ? ፎይል የሚባለውን ዓይነት ፈልግ። ሁለት ድርብ ጨርቅ ነው፣ ከፊቱ ባሉት ክፍት አፎች ንፋስ ገብቶ ይሞላዋል፣ ምንም እንጨትም ሆነ ብረት የለውም። መሬት ሲመታ የሚሰበር ነገር የለም ማለት ነው፤ መቼም እንዳትመታ አልልህም፣ ቀኑን ሙሉ ነው መሬት የምታስመታት። ለአንተ ክብደት ከ2 እስከ 3 ካሬ ሜትር ያለው በቂ ነው። ትንሿ ካይት ትሰለቻለች የሚለውም ሐሰት ነው። ትንሽ ስትሆን ፈጣን ናት፣ ትልቋ እንደ ከባድ መኪና ዞራ እስክትመጣ ትጠብቃታለህ። ጥሩ ንፋስ ባለበት ቀን 2 ካሬዋ ተረከዝህን መሬት ውስጥ ታስቀብርሃለች። ኋላ ትልቅ ብትገዛም አትጥላት፣ ንፋሱ የበረታ ቀን የምታወጣው እሷን ነው።

ከስፋቱ ይልቅ እኔ የምጨነቀው በገመዱ ብዛት ነው። ባለ ሁለት ገመድ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ቀኝ ስትስብ ቀኝ፣ ግራ ስትስብ ግራ፣ በቃ። ፍሬን ግን የለውም። ባለ ሦስት ገመድ በባር ይያዛል፤ ሦስተኛው ገመድ እጅህ አንጓ ላይ ይታሰራል፣ ባሩን ስትለቅ ካይቷ በእሱ ብቻ ተይዛ ጉልበቷን ጥላ ትወርዳለች። ባለ አራት ገመድ ሁለት እጀታ አለው፤ የላይኞቹ ገመዶች ጉተታውን ይሸከማሉ፣ የታችኞቹ ፍሬን ናቸው። ፍሬኑን ስትይዝ ትቆማለች፣ ትወርዳለች፣ በአፍንጫዋ ብትተከል እንኳን ወደ ኋላ እያስኬድክ ታስነሳታለህ።

አንተ ሐሳብህ ውሃ ላይ ስለሆነ ባለ ሦስቷን ውሰድ፣ ባሩን እጅህ ይልመደው። የፒተር ሊን ኢምፐልስ ወይም የኤችኪው ራሽ ዓይነቶቹ ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። መሬት ላይ ብቻ የምትቀር ቢሆን ኖሮ ባለ አራት ገመድ ነበር የምልህ። ባሩን ታዲያ እንደ መኪና መሪ አታሽከርክረው፤ ሁሉም ጀማሪ ያደርገዋል፣ ምንም አይሠራም። ግራ ለመሄድ የግራውን ጫፍ ወደ ራስህ ሳብ፣ ልክ እንደ ብስክሌት። ደግሞ ይህችን የመለማመጃ ፎይል ውሃ ላይ እንዳትሞክራት፣ በዛ በክፍት አፏ ውሃ ሞልታ ጆንያ ትሆንብሃለች። ውሃ ላይ የምትገባ ቀን አስተማሪ ያዝ፤ እዚህ የምትማረው እጅህን ነው እንጂ ዋናውን አይተካም።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ፓወር ካይት ካልተገዛልኝ ብሎ አስጨነቀኝ። ክብደቱ 38 ኪሎ ነው። እኔ ደግሞ ፈራሁ። ልከልክለው ወይስ ልፍቀድለት? (የልጅ እናት)

መልስ፦ እህታችን፣ ይፍቀዱለት፣ ግን መጠኑን እርስዎ ይምረጡት። ለእሱ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ካሬ ሜትር ያለው ባለ ሁለት ገመድ ፎይል ይበቃል። እንደ ኤችኪው ሲምፎኒና ፕሪዝም ሲናፕስ ያሉት ካይቶች ትናንሽ መጠን አላቸው። መጀመሪያ እርስዎ ወይም ሌላ አዋቂ ይዞ ይሞክረው፣ እናንተን ሚዛን የሚያስት ከሆነ ልጁን ይወስደዋል።

ንፋሱን ለመለካት መሣሪያ ባይኖርዎትም ዛፍ ይዩ። ቅጠሉና ቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ሳያቋርጥ ከተንቀሳቀሰ፣ ቀላል ባንዲራ ከተዘረጋ፣ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለእሱ የሚሆነው ይሄ ነው። አቧራና ወረቀት ማንሳት ከጀመረ 20 አልፏል፣ ወደ ቤት። ከዛፍና ከሕንፃ ጀርባ ያለው ንፋስ ደግሞ የተረበሸ ስለሆነ፣ አንዴ ይሞታል አንዴ ይፈነዳል፣ ከከለላው ቁመት ቢያንስ ሰባት እጥፍ ራቁ። ገላጣ ሜዳ ይሻላል።

እኔን የሚያስፈራኝ ከካይቷ በላይ ገመዱ ነው። ዳይኒማ ይባላል፣ ቀጭን ነው፣ ሲወጠር ቆዳ ይቆርጣል። ልጁ ጣቱ ላይ እንዳይጠመጥመው፣ የተወጠረ ገመድ በእጁ እንዳይዝ፣ ገመዱንም ከሰውነቱ ጋር እንዳያስረው አጥብቀው ይንገሩት። የእጁ ማሰሪያ በቀላሉ የሚወልቅ መሆን አለበት፤ ገና ካይቷ ሳትነሳ አሥር ጊዜ ያህል አስወልቁት፣ እጁ ሳያስብ እስኪያደርገው። ከፊቱ፣ ንፋሱ በሚሄድበት በኩል፣ ሰው፣ መንገድም ሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይኑር። ሰማዩ ካጉረመረመ ደግሞ ክርክር የለም፣ ይጠቀለላል። ሄልሜት ያድርግ። ቢቆጣም ያድርግ።

ጥያቄ፦ ያገለገለች ባለ አራት ገመድ ካይት፣ 3 ካሬ፣ ገዛሁ። ትንሽ ትነሳና ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ትቀመጣለች። ንፋሱ ጥሩ ነው። ተታለልኩ እንዴ? (የተናደደ)

መልስ፦ ገና አትናደድ። እንዲህ ስትሆን ብዙ ጊዜ ፍሬኑ ተይዞ ነው። የላይኞቹ ገመዶች ጉተታውን ስለሚሸከሙ ከጊዜ በኋላ ይለጠጣሉ፣ የፍሬኖቹ ግን እንደነበሩ ይቀራሉ፤ ስለዚህ ፍሬኑ አጭር ሆኖ አንተ ሳትነካው ይይዛል። የአራቱንም ገመድ አንድ አንድ ጫፍ ችካል ላይ አድርገህ ሌላውን ጫፍ እኩል ወጥረህ ሳብና አስተያይ። ልዩነት ካለ እጀታው ላይ ባለችው ማሰሪያ ያሉትን ቋጠሮዎች ተጠቀም፣ ፍሬኑን አንድ ቋጠሮ አርዝመው፣ ሞክር፣ ካልበቃ ሌላ አንድ። ገመዱን ራሱን አትቋጥረው፣ ቋጠሮ ጥንካሬውን በጣም ይቀንሰዋል።

እሱ ካልሠራ ጨርቁን እይ። አፍህን አስጠግተህ ንፋበት፣ ትንፋሽህ በቀላሉ ካለፈ ፀሐይ በልታዋለች፣ እሱን የሚመልሰው የለም። ከጨርቁ ሥር ያሉትን ልጓም የሚመስሉትን ክሮችም አንድ በአንድ ዳብስ፣ የተላጠ ወይም ተበጥሶ የተቀጠለ ካለ ቅርጿን የሚያጣምመው እሱ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ይቀየራል። ተታልለሃል የምልህ ትንፋሽህ ካለፈ ብቻ ነው።