የድሮ የአየር ፎቶ ስካን ስታሠሪ ጠርዙን አታስቆርጪ

«በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የተነሳ የአየር ፎቶ አለ፤ ከሳተላይት ምስል ጋር አነጻጽሬ እስከ ዛሬ ያለውን የደን ሽፋን ለውጥ ማውጣት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ላልሽው እህቴ፦ በዚሁ ሥራ አልፌያለሁ፣ ያቃጠለኝንም አውቀዋለሁ። ስለ ሶፍትዌሩ ሌሎች ይነግሩሻል።

1. ምስሎቹን ሁሉ ከአንድ ወቅት ምረጪ። ቅጠሉን የሚያራግፍ ደን በደረቅ ወቅት ሲታይ የተጨፈጨፈ ይመስላል። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ቁጥቋጦውም ሰብሉም ስለሚለመልም ሁሉም ደን ይመስላል። ደመና የለበትም ብለሽ ያገኘሽውን ወር አትውሰጂ።

2. ላንድሳት (ምድርን የሚያነሱት የአሜሪካ ሳተላይቶች) በፈረንጆቹ ከ1972 ጀምሮ አለ፣ ከ2008 ወዲህ ደግሞ በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ እለፊው። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ፒክስላቸው 80 ሜትር ገደማ ነው፤ 30 ሜትሩ የመጣው በ1982 ነው። ከ2003 አጋማሽ በኋላ ያለው የላንድሳት 7 ምስል ጥቁር ሰንበር ይበዛበታል። ሳተላይቱ ላይ ያለው መሣሪያ ተበላሽቶ ነው፣ ስለዚህ እስከ 2011 ድረስ በላንድሳት 5 ሥሪ።

3. የአየር ፎቶው ስካን። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ፎቶውን ለሚይዘው መሥሪያ ቤት ከፍዬ ፋይሉን ተቀበልኩ። ስከፍተው የፎቶው ዳር በሙሉ ተቆርጧል! ዳሩ ላይ እኮ ነው ፊዱሻል የሚባሉት ምልክቶች (የፎቶውን መሃል የምታገኚባቸው)፣ የፎቶው ቁጥር፣ ብዙ ጊዜም የሌንሱ የትኩረት ርቀት የሚገኙት። ያለ እነሱ ካሜራው እንዴት እንዳየ መልሰሽ ማስላት ይከብዳል። ተመልሼ ስጠይቅ ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ጥቁሩን ዳር ለውበት ነው የቆረጥነው፤ ሌላው ሰው አመስግኖ ይወስዳል፣ ያንተ ምን ልዩ ሆነ?» አለኝ። የካሜራውን የካሊብሬሽን ሰነድ (የሌንሱ ትክክለኛ ልኬት የተጻፈበትን) ስጠይቅማ በሩን ነው ያሳየኝ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አማራጭ ስላልነበረኝ የተቆረጠውን ፎቶ በጂአይኤስ (በካርታ ሥራ ሶፍትዌር) ላይ በመንገድና በወንዝ መገናኛዎች እየሳብኩ ከሳተላይት ምስሉ ጋር ገጠምኩት። ሸለቆው ላይ ልክ ሆነ። ተራራው ላይ ግን አንደኛው ጎን ደን አጥቷል፣ ሌላኛው ጎን አዲስ ደን አብቅሏል፣ ሁለቱም በጫፉ ላይ እኩል ስፋት ይዘው እንደ ሪባን ተዘርግተዋል። ደን እንዲህ አይጠፋም። በአየር ፎቶ ላይ ከፍ ያለ ቦታ ከመሃሉ ወደ ውጭ ተገፍቶ ነው የሚታየው፤ የከፍታ ሞዴል አስገብተሽ ካላስተካከልሽው መንሸራተቱ ራሱ ለውጥ ሆኖ ይቆጠርልሻል። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ካርታውን ለማሳተም ሲጣደፍ የነበረው ቡድን በሙሉ አልፎት ነበር። ደብዳቤ አጽፌ፣ አለቃቸው ጋ ገብቼ፣ እንደገና ከፍዬ ከነጠርዙ ከፊልሙ ስካን አስደረግሁት። ሪባኖቹ ጠፉ!

ስለዚህ ደብዳቤሽ ላይ ቃል በቃል ጻፊ፦ ከወረቀት ህትመት ሳይሆን ከፊልሙ፣ ከነሙሉ ጠርዙ፣ ቢያንስ በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ)፣ በቲፍ እንጂ በጄፔግ አይደለም። የፎቶው ልኬት (ስኬል) 1:50,000 ከሆነ አንዱ ፒክስል በመሬት ላይ 1 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከመክፈልሽ በፊት አንዱን ፋይል እዚያው አስከፍተሽ አራቱን ማዕዘን እዪ። ቢቆጡም ይቆጡ።

ደግሞ ደን የምትይውን አስቀድመሽ ወስኚ። የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ትርጉም ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 5 ሜትር የዛፍ ቁመትና 10 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ነው። ግማሽ ሄክታር በ30 ሜትሩ ላንድሳት አምስት ተኩል ፒክስል ገደማ ነው። በአየር ፎቶው ላይ ግን ነጠላ ዛፍ ሁሉ ይታይሻል። እያንዳንዷን ከቆጠርሽ የድሮው ደን ከልክ በላይ ሰፍቶ ይወጣና ጭፍጨፋው ይጋነናል። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ትንሹ ስፋት ተጠቀሚ። የተተከለውንም ከተፈጥሮው ለይው፤ በፋኦ ትርጉም ሁለቱም ደን ስለሆኑ የተፈጥሮው አልቆ ባህር ዛፍ ቢተካው ቁጥርሽ ምንም አልተለወጠም ይልሻል።

የደብዳቤዬን ቅጂ ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ።