ቪጋን ለመሆን ላሰባችሁ ወገኖቼ

በውጭ አገር የምትኖሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ «ቪጋን (ከእንስሳ የሚገኝ ምግብ ጨርሶ የማይበላ) ብሆን ይጎዳኛል ወይ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከተውኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። መልሴ አንድ ነው፤ ጀምሩት፣ ግን ያለ ቫይታሚን ቢ12 አትጀምሩት።

ጥቅም አለው። በአግባቡ ለሚመገብ ሰው ኮሌስትሮል ይቀንሳል፣ ለልብ ሕመምና ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመጋለጥ ዕድሉም ዝቅ ይላል። «በአግባቡ» ያልኩት ወድጄ አይደለም። የተጠበሰ ድንችና ለስላሳ መጠጥም ሥጋ የለባቸውም። ከሥራ ወደ ሥራ ስንሮጥ አፈፍ አድርገን የምንገዛው የታሸገ ምግብ፣ ቪጋን ተብሎ ቢጻፍበትም፣ ጨው ሊበዛበት ይችላል።

አሁን ወደ ቢ12 ልምጣ። በአራተኛው ዓመት እግሬን ይደነዝዘኝ ጀመር። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው መድከሙ የት ይቀራል ብዬ ወራት አሳለፍኩ። ስመረመር ቢ12 ከሰውነቴ ተሟጦ ነበር። ይህን ቫይታሚን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አትክልትና ጥራጥሬ ውስጥ አይገኝም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማችሁም፤ የሚያታልለውም ይሄ ነው። አትክልት የሚሰጠን ፎሌት የተባለው ቫይታሚን ደግሞ በቢ12 እጥረት የሚመጣውን የደም ማነስ ሊደብቀው ይችላል፤ ተራው የደም ቆጠራ ደህና መስሎ ነርቭ ይጎዳል። የቆየ የነርቭ ጉዳት ላይመለስ ስለሚችል፣ ሐኪማችሁ ቢ12ን በስሙ እንዲመረምርላችሁ ጠይቁ። ለአዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ርካሽ እንክብል ይሸፍነዋል። ስፒሩሊና በተባለው የአልጌ ዱቄት እንዳትታለሉ፣ ያለው ቢ12 በአብዛኛው ለሰው አይሠራም። ለስኳር ሜትፎርሚን የምትወስዱ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ መድኃኒቱ ራሱ ቢ12ን ይቀንሳል። እርጉዞችና የምታጠቡ እናቶችማ አንድ ቀን እንኳ አታጓድሉ፤ ሕፃኑ የሚያገኘው ከእናንተ ነው።

ሌላው እኛን የሚመለከት ቫይታሚን ዲ ነው። ክረምቱ ረጅም በሆነበት አገር ጠቆር ያለ ቆዳ ከፀሐይ በቂ አይሠራም፤ ይህ ሥጋ ለሚበላውም እውነት ነው። ቪጋን ከሆናችሁ ግን ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የለምና ክፍተቱ ይሰፋል። የሚሸጠው ዲ3 የተባለው የቫይታሚን ዲ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከበግ ፀጉር ቅባት ስለሚሠራ ሊከን ከሚባለው ዕፅ መሰል ነገር የተሠራውን ፈልጉ።

ሴቶች ብረትን አትርሱ። የዕፅዋት ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ ሎሚ ወይም ብርቱካን ያግዘዋል፣ ሻይና ቡና ግን ያግዱታል። ምግብ እንደበላችሁ ወዲያው ቡና አትጠጡ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆዩ።

አጥንትም አለ። በ2020 የወጣ የብሪታንያ ሰፊ ጥናት ቪጋኖች ላይ የአጥንት ስብራት፣ በተለይ የዳሌ፣ በዝቶ አግኝቷል። ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ግዙ፤ ካልሲየሙ ከሥር ስለሚዘቅጥ ካርቶኑን በደንብ ነቅንቁት።

ልጆቻችሁን ግን በራሳችሁ ውሳኔ ብቻ አታስገቡ። ሆዳቸው ትንሽ ነው፤ አሰር የበዛበት ምግብ ቶሎ ያጠግባቸውና የሚያሳድጋቸውን ያህል ሳይበሉ ይነሳሉ። መጀመሪያ ከሕፃናት ሐኪምና ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ተመካከሩ፤ ክብደታቸውንና ቁመታቸውንም በየጊዜው አስለኩ።