ሮቦቶቹ የእውነት ናቸው እንዴ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እሁድ ከ11 ዓመት ልጄ ጋር «ሪል ስቲል» የሚባለውን ሮቦቶች ቦክስ የሚጋጠሙበት ፊልም እያየን ግማሹ ላይ መብራት ጠፋ። ልጁ ሮቦቶቹ የእውነት ናቸው ብሎ ድርቅ አለ፣ እኔ ደሞ ኮምፒውተር ነው አልኩት። ማነው ትክክል? ቡጢ እያስተማርኩትስ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። ፊልሙ በፈረንጆቹ 2011 የወጣ ነው። ተዋናዮቹ አጠገባቸው ቆመው ከሚነኳቸው ሮቦቶች ብዙዎቹ በሙሉ ቁመታቸው የተሠሩ ናቸው። ሪንግ ውስጥ ሲቧቀሱ ግን ኮምፒውተር ነው፤ እሱም ቢሆን እንቅስቃሴው ከሰው ቦክሰኞች የተቀዳ ነው። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ሹገር ሬይ ሌናርድ እንኳ አማካሪ ነበር።

ቡጢው ብዙም አያስጨንቅህ፣ የሚሰባበረው ብረት ነው። እኔን የከበደኝ ሌላው ነው። አባትየው ቻርሊ፣ እናቱ የሞተችበትን ልጁን የማሳደግ መብት ለአክስቱ ባል በ100 ሺህ ዶላር ሲሸጥ! ልጅህ «እንዴት አባት እንደዚህ ያደርጋል?» ብሎ ሊጠይቅህ ይችላልና መልስ አዘጋጅ። ደግነቱ ሁለቱን የሚያቀራርባቸው አቶም ነው፤ ከቁርጥራጭ ብረት መጣያ የወጣ፣ የኛ ሰፈር ቆራሌው ቢያገኘው በኪሎ የሚሸጠው ዓይነት አሮጌ ሮቦት። ሰው ሲሠራ አይቶ የመቅዳት ችሎታ አለው፣ ልጁ ጭፈራ ሁሉ ያስተምረዋል (እኔ ደጋግሜ ያየሁት እሱን ነው)።

መጨረሻውን አልነግርህም። መብራት ሲመጣ አብራችሁ እዩት።